ልጅ ለምን ይጠቅማል?

ስለ ልጆች በጎ ስንናገር አብዛኛው ምስጋናችን የአገልግሎት ምስጋና ነው። «ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷ ናት»፣ «ቢልኩት አይዘገይ፣ ቢያዙት አያጉረመርም»፣ «ታናናሾቹን የሚያሳድጋቸው እሱ ነው» እንላለን። ስለ ሌላው ልጅ ደግሞ «ይኼ እንኳ ለምንም አይሆን» ሲባል ሰምቶ የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚባለውም በቀልድ መልክ፣ ልጁ ሊሰማ በሚችልበት ርቀት ላይ ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ከእነዚህ ተራ አነጋገሮች ሥር ያለው ጥያቄ ነው፦ የአንድ ልጅ ክብርና ደስታ ጠቃሚ በመሆኑ ላይ የቆመ ነውን? ጥያቄው አንድ ቢመስልም በውስጡ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ስለ ክብሩ ያለኝ መልስ አጭርና ቁርጥ ያለ ነው፤ አይደለም። ስለ ደስታው ግን እንዲህ በአንድ ቃል ማለፍ አልችልም፤ ልጆች መጥቀም ይወዳሉና፤ ከዚህ ደስታ የተከለከለ ልጅም የጎደለው ነገር እንዳለ አምናለሁ። ሁለቱ መልሶች ሲምታቱ ልጆች ከሁለት ወገን ይጎዳሉ። ክብራቸውን በሥራቸው የለካን እንደሆነ ፍቅርን እንደ ደመወዝ መቀበል ይለምዳሉ፤ ክብራቸውን እንጠብቃለን ብለን ከሥራ ሁሉ ያራቅናቸው እንደሆነ ደግሞ በገዛ ቤታቸው እንግዳ ይሆናሉ።

ልጅ ጠቃሚ መሆን አለበት የሚለው ሐሳብ በታሪክ ውስጥ እንግዳ አይደለም፤ እንግዳው ተቃራኒው ነው። የሰው ልጅ በኖረበት በአብዛኛው ዘመን ልጅ ማለት ተጨማሪ እጅ ማለት ነበር፤ እረኛ፣ ሞግዚት፣ ተላላኪ፣ የእርሻ ረዳት፣ በእርጅና ጊዜም ጧሪ። የኢንዱስትሪ አብዮት ይህንኑ እጅ ከቤት አውጥቶ ፋብሪካ አስገባው። እ.ኤ.አ. በ1833 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የብሪታንያ ፓርላማ ያወጣው ሕግ በአብዛኞቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ከ9 ዓመት በታች ያሉ ልጆች እንዳይቀጠሩ ከለከለ፤ ከ9 እስከ 13 ዓመት ያሉት ደግሞ በቀን ከ9 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ወሰነ፤ ይህም በጊዜው ለልጆቹ እንደ ትልቅ እፎይታ የተቆጠረ ነበር። በ1842 የወጣው የማዕድን ሕግም ሴቶችን በሙሉና ከ10 ዓመት በታች ያሉ ወንዶች ልጆችን ከመሬት በታች ከሚሠራ ሥራ አስወጣ። በአሜሪካ በ1916 የወጣውን የመጀመሪያውን የፌዴራል ሕግ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1918 ሻረው፤ ጸንቶ የቆየው ሕግ የመጣው በ1938 ነው።

የሕጎቹ ዝርዝር ግን የለውጡን ጥልቀት አያሳይም። ሶሲዮሎጂስቷ ቪቪያና ዜሊዘር በ1985 ባሳተሙት ጥናት ከ1870ዎቹ እስከ 1930ዎቹ ባለው ጊዜ አሜሪካዊው ልጅ ከገንዘብ ጥቅም ሰጪነት ተነሥቶ ዋጋ ወደማይተመንለት ፍጡርነት የተሸጋገረበትን መንገድ ተከታትለዋል። ከጥናቱ ከአእምሮዬ የማይጠፋው አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው። በ1896 በጆርጂያ ግዛት የሁለት ዓመት ልጃቸው የሞተባቸው ወላጆች አንድ የባቡር ኩባንያ ከሰው ካሳ ጠየቁ። ልጁ ለጎረቤት መልእክት ያደርስ እንደነበር፣ ታናሹን እያጫወተ ይጠብቅ እንደነበር፣ አገልግሎቱም በወር 2 ዶላር ያወጣ እንደነበር ለዳኞቹ አስረዱ። ፍርድ ቤቱ ግን ልጁ ገቢ ለማስገኘት የማይችል ጨቅላ ነበር ብሎ ከቀብር ወጪ ያለፈ ካሳ አልፈቀደላቸውም። በ1979 ደግሞ በኒው ዮርክ የሦስት ዓመት ልጃቸው በጥርስ ሕክምና ላይ ለሞተባቸው ወላጆች የዳኝነት ጉባኤ 750,000 ዶላር እንዲከፈላቸው ወሰነ። ይኼኛው ልጅም እንደ መጀመሪያው አንዲት ሳንቲም አላስገባም፤ የተለወጠው ልጁ ሳይሆን የሚመዝኑት ሰዎች ናቸው።

የ1896ቱን ወላጆች ማሰብ ያስጨንቀኛል። ልጃቸው ለመልእክት ባይላክም እንደሚወዱት አልጠራጠርም። ነገር ግን ሐዘናቸውን የሚሰማላቸው ጆሮ አንድ ቋንቋ ብቻ ያውቅ ነበር፤ ስለዚህ የሁለት ዓመት ሕፃን በእጁ ምን ይዞ፣ ወደ ማን ቤት፣ በወር ስንት ጊዜ እንደሚሄድ መቁጠር ነበረባቸው። ያም ቆጠራ አልበቃም። አንድ ሕፃን በጥቅሙ መመዘን ከጀመረ ሚዛኑ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው እንዲህ ያለ ቦታ ነው፤ ያለውን አገልግሎት ሁሉ አሟጠው ቢደረድሩለትም «ያነሰ ነው» የሚል አይጠፋም።

ፈላስፋው ኢማኑኤል ካንት በ1785 እንደጻፈው ነገሮች ሁሉ ወይ ዋጋ አላቸው ወይ ክብር አላቸው፤ ዋጋ ያለው ነገር በሌላ ተመጣጣኝ ነገር ሊተካ ይችላል፣ ከዋጋ ሁሉ በላይ የሆነና ምትክ የሌለው ግን ክብር አለው። እኔ ፍልስፍና አላጠናሁም፤ ይሁን እንጂ ይህን ክፍፍል ለመቀበል ከአንድ ሕፃን ጋር አንድ ቀን መዋል ይበቃል ባይ ነኝ። የምትወዱት ልጅ ቢጠፋባችሁና የተሻለ የሚታዘዝ፣ የተሻለ የሚሠራ ሌላ ልጅ ቢያመጡላችሁ፣ የቀረበላችሁን ነገር ሐሳቡን እንኳ ሰምታችሁ አትጨርሱም።

ከጥቅም የሚነሣ ክብር የት ድረስ ሊወስድ እንደሚችል ሃያኛው ክፍለ ዘመን አሳይቷል። በናዚ ጀርመን ተማሪዎች ከሚያጠኗቸው የሒሳብ መጻሕፍት ውስጥ ለአእምሮ ሕሙማን መኖሪያ በሚወጣው ገንዘብ ለሠራተኛ ቤተሰቦች ስንት ቤት ሊሠራ ይችል እንደነበር የሚያሰላ ጥያቄ ይገኝ ነበር። ከ1939 ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ አካል ጉዳተኞችና የአእምሮ ዕድገት ውሱንነት ያለባቸው ሕፃናት በሐኪሞችና በነርሶች እጅ፣ በመድኃኒትና በረኃብ ተገደሉ። የተሰጣቸው ስምም ጥቅም የሌላቸው በላተኞች የሚል ነበር። ይህን ያነሣሁት «ለምንም አይሆን» ብሎ የሚቀልድን አጎት ከነፍሰ ገዳይ ጋር ለማመሳሰል አይደለም፤ ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ለማለት የፈለግሁት፣ ክብርን በጥቅም ላይ ያቆመ ሰው መጥቀም የማይችል ልጅ ሲገጥመው በገዛ መርሁ የሚመልሰው ነገር እንደማይኖረው ነው።

ደግሞ ይህ ሚዛን በደግ ሰው አፍም ይገባል። አንዲት የማውቃት እናት መናገርም መራመድም የማይችል ወንድ ልጅ አላት፤ ሴሬብራል ፓልሲ የሚባል፣ ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር አለበት። ሊጠይቋት የሚመጡ ሰዎች አጠገቡ ሲቀመጡ የሚሆኑትን አይቻለሁ። መጀመሪያ እጁን ይይዛሉ፤ ከዚያ ጥቂት ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ስለ እሱ የሚናገሩት አንድ መልካም ነገር ሲፈልጉ ዓይናቸው ይንከራተታል። በመጨረሻም አብዛኞቹ አንድ ቦታ ላይ ይደርሳሉ፦ «እሱ እኮ ትዕግስትን አስተምሮሻል፤ ቤቱን ሁሉ ነው ያስተማረው።» አንድ ቀን እንዲህ ያሏት ትልቅ ሰው ከሄዱ በኋላ የልጇን ትራስ እያስተካከለች «ትዕግስት እንዲያስተምረኝ አልወለድኩትም» አለችኝ። በቁጣ አልነበረም። ሰዎቹ ክፉ እንዳልሆኑ ታውቃለች፤ ግን ልጇ በቤቱ ለመኖር ምክንያት እንዲያቀርብ፣ እሱ ማቅረብ ባይችል እነሱ እንዲያቀርቡለት እንደተገደዱ አስተውላለች። አንድን ልጅ የሌሎች ትምህርት ቤት ማድረግም ሥራ መስጠት ነው። ልጇ ግን ሙዚቃ ሲሰማ ይደሰታል፣ መስኮት አጠገብ ሲሆን ይረጋጋል፣ እንግዳ ሲበዛበት ይከፋዋል፤ ይህ ሁሉ የእሱ እንጂ የማንም ትምህርት አይደለም።

በዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ተቃውሞ አለ፤ ዛሬ ልጆችን በጥቅማቸው የሚለካ ማን አለ፣ በብዙ ከተሞች ልጆች ካልሲያቸውን እንኳ የማያጥቡበት ዘመን ላይ ደርሰን የለምን? እውነት ነው። ግን ልጁ ከማምረት አልወጣም፤ ምርቱ ብቻ ነው የተለወጠው። የዛሬው ልጅ የሚያመርተው ውጤት ነው፤ የፈተና ነጥብ፣ ሜዳሊያ፣ ፎቶግራፍ ላይ የሚያምር ፈገግታ፣ ለወላጆቹ በዘመድ ፊት የሚያኮራ ወሬ። እረኛው ልጅ ቢያንስ ከብቶቹን ወደ ቤት ካስገባ በኋላ ሥራው አልቆ ይተኛ ነበር። የወላጆቹን ኩራት የሚያመርተው ልጅ ግን የሚያበቃ የሥራ ሰዓት የለውም፤ ከክፍሉ ሁለተኛ ሲወጣ የእናቱ ፊት ላይ ለአንዲት ቅጽበት የምታልፈውን ጥላ ያያል፤ እናትየው እንኳ ያላወቀቻትን። ልጆች ይህን ጥላ ለማንበብ ማንም አያሠለጥናቸውም።

የሥነ ልቦና ሊቁ ካርል ሮጀርስ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ የጻፉበት ጉዳይ ይኸው ነው፤ ልጅ የሚወደደው የተወሰነ ነገር ሲያደርግ ብቻ እንደሆነ ከተሰማው ያንን ቅድመ ሁኔታ ከውጭ ወደ ውስጥ ያስገባና ራሱን በዚያው መለካት ይጀምራል አሉ። አቪ አሶር፣ ጋይ ሮት እና ኤድዋርድ ዲሲ በ2004 ያወጡት ጥናት ደግሞ ነገሩን በዝርዝር መረመረው። ወላጆቻቸው ፍቅራቸውን የሚጨምሩትና የሚቀንሱት እንደ ሥራቸው እንደነበር የሚናገሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተፈለገባቸውን ያደርጉ ነበር፤ ዘዴው ከዚህ አንጻር ይሠራል። ነገር ግን የሚያደርጉት በፈቃዳቸው ሳይሆን ከውስጥ እንደሚገፋቸው ግዴታ ነበር፤ ሲሳካላቸው የሚያገኙት እርካታ ቶሎ የሚበን፣ ሳይሳካላቸው ሲቀር የሚሰማቸው ኀፍረት ከባድ፣ በወላጆቻቸው ላይ ያላቸው ቅሬታም የጸና ነበር። ከዚህ ጥናት የማይረሳኝ «ይሠራል» የሚለው ክፍል ነው። ባይሠራ ኖሮ ወላጆች ድሮ ይተዉት ነበር።

እስካሁን ያልኩትን ብቻ ይዞ የሚሄድ አንባቢ ልጅን ሥራ ማሠራት ክፉ ነው ብዬ የምከራከር ሊመስለው ይችላል። እምነቴ ግን ተቃራኒው ነው፤ ወደ ደስታው ጥያቄም የምመጣው በዚሁ ነው።

በ2006 ፊሊክስ ዋርኔከን እና ማይክል ቶማሴሎ የ18 ወር ሕፃናትን ቀለል ባሉ ችግሮች ፊት አቀረቧቸው። አንድ የማያውቁት ሰው ልብስ ሲሰቅል መቆንጠጫው ይወድቅበትና ለማንሣት ይንጠራራል፤ ወይም ሁለት እጁ መጽሔት ሞልቶ የተዘጋውን የቁም ሣጥን በር ይገፋል፣ አይከፈትለትም። ሰውየው እርዱኝ አላለም፣ ሽልማትም አላሳየም። ከ24ቱ ሕፃናት 22ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ረዱት፤ መራመድ ገና የለመዱ እግሮች ተነሥተው ሄደው በሩን ከፈቱለት። በ2012 ደግሞ ላራ አክኒን፣ ካይሊ ሃምሊን እና ኤልዛቤት ደን ዕድሜያቸው ሁለት ዓመት ያልሞላ ልጆች ብስኩት ሲሰጣቸውና እነሱ ለአሻንጉሊት ሲሰጡ ፊታቸውን ቀርጸው አነጻጸሩ። ሲሰጡ የበለጠ ደስ ይላቸው ነበር፤ ከሁሉ በላይ ደስ ያላቸውም ከራሳቸው ሳሕን አንሥተው ሲሰጡ ነው። እንግዲህ መጥቀም ትልልቆች በልጅ ላይ የምንጭነው ሸክም ብቻ ቢሆን ኖሮ ገና አፍ ያልፈታ ሕፃን ሮጦ አይሸከመውም ነበር።

የእህቴ ልጅ ሦስት ዓመቷ ነው። የታጠበ ልብስ ከገመድ ላይ ወርዶ ሲታጠፍ ካየች ማንም አያስቆማትም። አንዲት ካልሲ ትመርጣለች፤ መሬት ላይ ዘርግታ በሁለት መዳፏ ታለሰልሳታለች፤ ታጥፋለች፣ ደግማ ታጥፋለች፣ ጡጫ እስክታክል ታጥፋታለች፤ ከዚያ እንዳትፈታ ትቀመጥባታለች። ከተነሣች በኋላ ካልሲዋን መታ መታ አድርጋ «አክስቴ፣ ተኝታለች፤ አትቀስቅሻት» ትለኛለች። የአሥር ደቂቃው ሥራ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም የተባለው ያለ ነገር አይደለም፤ የሦስት ዓመት ልጅ እርዳታ በጥቅም ሚዛን ቢወጣ ኪሳራ ነው። ፊቷ ላይ የማየው ግን የተመሰገነ ልጅ ደስታ እንኳ አይደለም፤ ማንም እያያት እንዳልሆነ ስታስብ ጭምር ያው ነው። ቤቱ ከተያዘበት ጉዳይ ውስጥ የገባ ሰው ደስታ ነው።

ወንድሟ አሥር ዓመቱ ነው፤ እሱም በሦስት ዓመቱ እንዲሁ ያደርገው ነበር። በዚያን ጊዜ ቤቱ ይጣደፍ ስለነበር «ሂድ ተጫወት፣ እኛ እንጨርሰዋለን» ይባል ነበር፤ ክፋት አልነበረበትም፣ እንዲያውም ልጅነቱን እንዲያጣጥም ታስቦ ነው። አሥር ሲሞላው «አንተ ደግሞ ትንሽ አታግዝም?» ሲባል ከስልኩ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ «እኔ ምን አገባኝ?» አለ። ትልልቆቹ ደነገጡ፤ እኔ ግን መልሱ ትክክል ነው ብዬ አሰብኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ አያገባህም ሲባል የኖረ ልጅ ነው።

ባርባራ ሮጎፍ እና ባልደረቦቻቸው በሜክሲኮና በጓቲማላ ነባር ማኅበረሰቦች መካከል ባደረጓቸው ጥናቶች የገለጹት ነገር ይህን ያብራራልኛል። እዚያ ትንንሽ ልጆች ትልልቆች በሚሠሩበት ቦታ ሁሉ ይገኛሉ፤ ሥራውን ቢያዘገዩትም አይባረሩም፤ እያዩ፣ እየሞከሩ፣ ሳይታዘዙ መግባትን ይለምዳሉ። ቢያትሪስና ጆን ዋይቲንግም በስድስት የተለያዩ ማኅበረሰቦች የተሰበሰበ ጥናት ተንትነው በ1975 ሲያሳትሙ፣ ታናናሾቻቸውን የመንከባከብና የቤት ሥራ የመሥራት ኃላፊነት የተሰጣቸው ልጆች ለሌላው ሰው ፍላጎት ይበልጥ ንቁዎች ሆነው አግኝተዋቸዋል። በሃዋይ ካዋይ ደሴት በ1955 የተወለዱ 698 ልጆችን ለአሥርተ ዓመታት የተከታተሉት ኤሚ ወርነር ደግሞ በድህነትና በቤተሰብ ቀውስ ውስጥ ካደጉት መካከል ሲሶ ያህሉ ብቁና አሳቢ አዋቂዎች ሲሆኑ ምን እንደረዳቸው መረመሩ። ከምክንያቶቹ አንዱ ለቤታቸው በእርግጥ የሚያስፈልግ ኃላፊነት፣ ብዙ ጊዜም ታናሽን መጠበቅ፣ ተሸክመው ማደጋቸው ነበር።

ይህን ሲያነብ «እንግዲያውስ ሥራ ያጠንክራቸው» ብሎ የሚደሰት ሰው እንዳለ ስለማውቅ ቶሎ ወደ ሌላው ገጽ ልለፍ። አንዲት ጓደኛዬ የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ናት። እናቷ ታመው ስለነበር ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ሦስት ታናናሾቿን አሳድጋለች፤ ሁሉም ተምረው ለቁም ነገር በቅተዋል፤ በዘመድ ዘንድ ስሟ ሲነሣ ምርቃት ይዥጎደጎዳል። አርባን ያለፈችው ይህች ሴት በእንግድነት በሄደችበት ቤት ሰው ጠጥቶ ሳይጨርስ ብርጭቆውን ታነሣለች። «ኧረ ቁጭ በይ!» ስትባል ጥቂት ትቀመጥና ደግሞ ትነሣለች። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት «ቁጭ ካልኩ የሚያባርሩኝ ይመስለኛል» አለች፤ ስቃ ነው ያለችው። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ልጅ የወላጅን ቦታ እንዲይዝ ሲደረግ የሚደርሰውን ይህን ጉዳት በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ስም ሰጥተው ማጥናት ጀምረዋል። ከሚለዩዋቸው ነገሮች አንዱ ለእኔ ዋነኛው ነው፤ የእጅ ሥራ መሸከምና የወላጅን ስሜት መሸከም አንድ አይደሉም፣ ብዙ ጊዜ የሚከብደውም ሁለተኛው ነው። ውኃ የሚቀዳ ልጅ ውኃው ሲሞላ ያርፋል። እናቱ እንዳታለቅስ የሚጠብቅ ልጅ፣ በአባቱና በእናቱ መካከል እንደ ሽማግሌ የተቀመጠ ልጅ፣ መቼ ነው የሚያርፈው?

በጓደኛዬና በወርነር ጠንካራ ልጆች መካከል ያለው ልዩነት የሥራው ብዛት ብቻ አይመስለኝም። ወርነር ራሳቸው ከኃላፊነቱ ጎን ለጎን የሚጠቅሱት አንድ ነገር አለ፤ እነዚያ ልጆች ቢያንስ አንድ ቅድመ ሁኔታ የሌለበት ፍቅር የሰጣቸው አዋቂ ነበራቸው፤ አያት ትሁን፣ አክስት፣ መምህር ወይም ጎረቤት። ጓደኛዬ ይህ አልነበራትም። ምስጋናው ሁሉ በሥራዋ በኩል ይመጣ ስለነበር፣ ከሥራው ውጭ ያለችው ልጅ ተወድዳ እንደሁ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው እላለሁ፤ አስቀድሞ የተወደደ ልጅ ሲሠራ ይደሰታል፣ ለመወደድ የሚሠራ ልጅ ግን ሥራው አንድ ዓይነት ሆኖ እንኳ አይደሰትም።

በዓለም አቀፍ ሕግ ውስጥም ይህ ጥያቄ እንዳልተዘጋ ሳይ ይገርመኛል። በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 31 ስለ ልጅ ዕረፍትና ጨዋታ መብት ይናገራል። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1990 የጸደቀው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር አንቀጽ 31 ደግሞ ስለ ልጅ ኃላፊነት ነው፤ ልጅ እንደ ዕድሜውና እንደ ችሎታው ለቤተሰቡ አንድነት እንዲሠራ፣ ወላጆቹን በችግራቸው ጊዜ እንዲረዳ ያዝዛል። የቁጥሩ መግጠም አጋጣሚ ነው፤ ቻርተሩም በሌላ አንቀጹ ጨዋታን አልረሳም። ኮንቬንሽኑ ለልጁ አንድም ግዴታ አይዘረዝርም። አንዳንዶች የቻርተሩን አንቀጽ ለጉልበት ብዝበዛ በር የሚከፍት አድርገው ያዩታል፤ ስጋቱም ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትና ዩኒሴፍ ለ2024 ባወጡት ግምት 138 ሚሊዮን ልጆች በሕፃናት ጉልበት ሥራ ላይ ነበሩ፤ 54 ሚሊዮኑም ለአደጋ በሚያጋልጥ ሥራ ላይ። ከግማሽ የሚበልጡት የሚገኙት በግብርና ነው። ያም ሆኖ በሐሳብ ደረጃ ወደ ቻርተሩ አደላለሁ። «እንደ ዕድሜው» እና «እንደ ችሎታው» የሚሉት ሁለት ገደቦች በእርግጥ እስከተጠበቁ ድረስ፣ ልጅን ከተቀባይነት አልፎ የሚፈለግበት ነገር ያለው ሰው አድርጎ መቁጠር አክብሮት ነው። በ1973 የወጣው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የዝቅተኛ የሥራ ዕድሜ ስምምነትም ለከባዱ ሥራ አጥር ሲሠራ፣ ከ13 ዓመት ጀምሮ ጤናንና ትምህርትን ለማይጎዳ ቀላል ሥራ ቀዳዳ ትቷል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ወላጆች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ ነው፤ ፍቅሩ በነጻ ከሆነ ማን ይሠራል? ዋርኔከን እና ቶማሴሎ በ2008 በ20 ወር ሕፃናት ላይ ያደረጉት ሌላ ሙከራ ለዚህ የሚነግረን አለው። ሲረዱ መጫወቻ የተሸለሙት ሕፃናት በኋላ ሽልማቱ ሲቀር መርዳታቸውን ቀነሱ፤ ምስጋና ብቻ ያገኙት ወይም ምንም ያላገኙት ግን እንደ ቀድሞው መርዳታቸውን ቀጠሉ። በዚህ ምክንያት ለተለመደው የቤት ሥራ ለልጅ ገንዘብ መክፈልን አልደግፍም፤ ለትርፍ ሥራ ቢከፈለው ግን ቅር አይለኝም። ምስጋናውንም በተመለከተ፣ ልጁን ከማወደስ የተሠራውን መጥቀስ ይሻላል ባይ ነኝ፤ «ጠረጴዛውን ስለጠረግህ ቶሎ ጨረስን» የሚለው ለትልቅ ሰው የምንለው ዓይነት ነውና። ሥራውም የማስመሰያ ሥራ መሆን የለበትም። ልጆች ተቀርቶ ቢቀር ማንም ልብ የማይለውን ሥራ ከእውነተኛው በፍጥነት ይለያሉ።

«እኔ ምን አገባኝ?» ላለው ለአሥር ዓመቱ ልጅ እህቴ ያገኘችለት ሥራ እንዲህ ያለ ነው። ጠዋት ጠዋት ቤቱን ሁሉ የሚቀሰቅሰው እሱ እንዲሆን ተወሰነ፤ ሌሎቹ የስልካቸውን ማንቂያ አጠፉ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን እንቅልፍ ጣለው፤ አባቱ ከሥራ፣ እናቱ ከስብሰባ፣ እሱም ከትምህርት ቤት አረፈዱ። ልጁ ቁጣውን እየጠበቀ ቆሞ ነበር። እህቴ ጫማዋን እያጠለቀች «ዛሬ ሁላችንም ጉድ ሆንን፤ ነገ እንዴት እናድርግ?» አለችው፤ እንደ ሁልጊዜው ግንባሩን ሳመችውና ወጣች። ሥራው አልተወሰደበትም። ማታ ማንም ሳይነግረው የሰዓቱን ማንቂያ በአሥር ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ሞላ፤ ከዚያ ወዲህ አርፍዶ አያውቅም፤ አሁን የቤቱ ሰው የሚያማርረው ቅዳሜና እሑድም በዚያው ሰዓት በር እየቆረቆረ ስለሚዞር ነው።